ዓይናችንን በወሬ አናክም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በጤና ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)





ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ስፖርት ቡድናችን አስረድተዋል። እኛ የጤና ክበብ አባሎች የመረጥነው ርእስ፣ እናንተ አሁን እኛን የምታዩበት፣ እኛም እናንተን የምናይበት ዓይናችን ነው።

ይህንን ርእስ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አንድ የካርቶን ሣጥን አስቀምጠን፣ «ስለ ጤና ማወቅ የምትፈልጉትን ጽፋችሁ ጨምሩ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም» ብለን ነበር። ሣጥኑን ስንከፍት ከሌላው ሁሉ በዝቶ ያገኘነው ስለ ዓይን የሚጠይቅ ወረቀት ሆነ። ከፊሉ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ ከፊሉ ግን በጥያቄ መልክ የተጻፈ ወሬ ነበር። ወረቀቶቹን ይዘን ወደ ባዮሎጂ መምህራችን፣ ከዚያም በዓይን ሕክምና ወደ ሠለጠኑ አንዲት ሲስተር ዘንድ ሄድን፤ መጻሕፍትም አገላበጥን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ በዚህ መንገድ ያገኘነውን መልስ ነው። እኛ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች ስላልሆንን የማንንም ዓይን እናክማለን አንልም። ምኞታችን አንድ ነው፤ ይኸውም ማንኛችንም ብንሆን ዓይናችንን ለወሬ ትተን እንዳንቀመጥ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በመላው አገራችን ስለ ዓይን ጤና አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ጥናቱ እንዳሳየው በዚያን ጊዜ ከመቶው ሰው 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር ነበር። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ሲሆን፣ ከመቶው 11.5 የሚሆኑት በትራኮማ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ግን ሌላው ቁጥር ነው። ከመቶ ዓይነ ስውር 87 ያህሉ ማየት የተሳነው አስቀድሞ ሊከለከል፣ ወይም ኋላ በሕክምና ሊድን በሚችል ምክንያት ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አያሌ ዓመታት አልፈዋል፤ ብዙ ሥራም ተሠርቷል። የሆነ ሆኖ ይህ ቁጥር አንድ ነገር ያስጠይቃል። መድኃኒቱ እያለ፣ ሐኪሙም እያለ ሰው ለምን ይታወራል? አንዳንድ ጊዜ በሕመምተኛውና በሐኪሙ መካከል የሚቆመው ድህነትና የመንገድ ርቀት ነው። ብዙ ጊዜ ግን በመካከል የሚቆመው «ዕድሜ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ይበስል»፣ «ይተወዋል» የሚለው ቃል ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት ዓይን እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ እንግለጽ። የዓይናችን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብርሃን መጀመሪያ የሚገባው ኮርኒያ በተባለው እንደ ብርጭቆ ጥርት ባለ የፊት ሽፋን ነው። ከዚያም በብሌኑ ቀዳዳ ያልፍና ሌንስ የተባለው ክፍል ሰብስቦ ረቲና በተባለው የኋላ ግድግዳ ላይ ያሳርፈዋል። ከረቲና የተነሣውን መልእክት ደግሞ የእይታ ነርቭ ወደ አንጎል ያደርሰዋል። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ቢበላሽ ማየት ይጎድላል። የጎደለው የትኛው እንደ ሆነ ግን በቤት ውስጥ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ይህንን ነገር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ እንዲህ ይላል፤ «መነጽር ዓይንን ያሰንፋል፤ አንዴ ከለመዱት አይለቅም ይባላል። እውነት ነው ወይ?»

እውነት አይደለም። ዓይኑ ከፊት ወደ ኋላ በጥቂቱ የረዘመ ሰው፣ ምስሉ ረቲናው ላይ ሳይደርስ ከፊት ለፊቱ ያርፍበታል፤ ስለዚህ ቅርቡን እያየ ሩቁ ይደበዝዝበታል። መነጽር ብርሃኑን አስተካክሎ ምስሉን በቦታው ያሳርፋል እንጂ ዓይኑን አያደክመውም። ልጅ ሲያድግ ዓይኑም አብሮ ስለሚያድግ የመነጽሩ ቁጥር ሊጨምር ይችላል፤ ይህም የሚሆነው መነጽር ባያደርግም ነው። መነጽሩን ሲያወልቅ ነገር ሁሉ ከበፊቱ ይልቅ የደበዘዘ የሚመስለው፣ ጥርት ያለውን ማየት ስለ ለመደ ነው። ነገር ግን የሌላውን ሰው መነጽር ተውሶ ማድረግ ወይም ሳይመረመሩ ከመንገድ ዳር ገዝቶ ማድረግ ራስ ምታት ያመጣል፤ እውነተኛውንም ችግር ይሸፍናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። በክፍላችን ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ 3ን 8 እያለ ይጽፋል፤ ሲጠየቅም ዓይኑን አጥብቦ ዝም ይላል። እኛ «ሰነፍ» አልነው፤ ሳቅንበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንስቅበት እርሱም ራሱን ሰነፍ ነኝ ብሎ አመነ። በኋላ የክበባችን አባሎች ዓይን የሚመረመርበትን ሰሌዳ ሰቅለው ሲለማመዱ እርሱም በተራው ቆመ። ይህ ሰሌዳ ሔርማን ስኔለን የተባሉ የሆላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1862 ባወጡት ዘዴ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በ6 ሜትር ርቀት ቆሞ ከትልቁ ፊደል እስከ ትንሹ እየወረዱ የሚነበብ ነው። ጓደኛችን ከላይ ካለው ትልቅ ፊደል በቀር አንድም አላየም። «ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያይ ይመስለኝ ነበር» አለን። መነጽር በተገዛለት ቀን በክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ላይ የተመቱትን ምስማሮች እየጠቆመ አንድ በአንድ ቈጠራቸው።

ከዚያም በኋላ «አራት ዓይና» እያሉ ያሾፉበት አልጠፉም። ነገር ግን በአገራችን የጥንት ትምህርት «አራት ዓይና» ማለት ስድብ አይደለም፤ አራቱን የመጻሕፍት ጉባኤ ጠንቅቆ ላወቀ ሊቅ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። ይህ ጓደኛችን ዛሬ ይህንን ንግግር ካዘጋጁት አንዱ ነው፤ ታሪኩንም የምንናገረው በፈቃዱ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ቴሌቪዥን ሲያይ የሚጠጋ፣ መጽሐፉን ወደ አፍንጫው የሚያስጠጋ፣ ማታ ማታ ራሱን የሚያመው ቢሆን፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩት። «ሴት ልጅ መነጽር ካደረገች መልኳ ይበላሻል» የሚለውንም አትስሙ፤ ሰሌዳውን ሳታይ የምታልፈው ዓመት አይመለስላትም።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ «በደካማ መብራት ማንበብና ስልክ ማየት ዓይን ያጠፋል ወይ?» የሚል ነው።

በኩራዝም ሆነ በደከመ አምፖል ማንበብ ዓይንን ያደክማል እንጂ አያጠፋም። ዓይኑ የደከመ ሰው አርፎ ሲያድር ይመለስለታል። የስልክና የኮምፒዩተር መስኮትም ዓይንን አያቃጥልም። ነገር ግን አፍጥጠን ስናይ ዓይናችንን መርገብገብ እንረሳለን፤ ስለዚህ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆረቁራል። ሐኪሞች ለዚህ የሚመክሩት ቀላል ነው፤ በየ20 ደቂቃው ቀና ብሎ 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከት ነው። ከዚህም ሌላ ልጆች በቀን ውስጥ ከቤት ውጭ በብርሃን ብዙ ጊዜ ሲያሳልፉ ሩቅ ያለማየት ችግር እንደሚቀንስላቸው በጥናት ታውቋል። ስለዚህ በዕረፍት ሰዓት ኳስ የሚጫወት ልጅ ዓይኑንም እየጠበቀ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው፤ «ካሮት ብዙ የበላ ሰው መነጽር ያወልቃል ይባላል፤ ልክ ነው?»

ይህ ወሬ የተስፋፋበት ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የሌሊት አብራሪዎቹ የጠላትን አውሮፕላን በጨለማ የሚመቱት ካሮት ስለሚበሉ ነው ብሎ አስወራ። እውነቱ ግን አውሮፕላኖቹ ራዳር የተባለውን መሣሪያ ይዘው ነበር። ወሬው ከጦርነቱ ተርፎ እስከ እኛ ደረሰ። ካሮት የዓይንን ቅርጽ ስለማይለውጥ መነጽር አያስወልቅም። ሆኖም በውስጡ ቫይታሚን ኤ የሚሆን ነገር አለ። ይህ ቫይታሚን የጎደለው ልጅ መጀመሪያ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ይኸውም እንደ ዶሮ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል። ቸል ከተባለ ዓይኑ ይደርቃል፣ ኮርኒያው ይቈስላል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። በተለይ ኩፍኝ በያዘው ልጅ ላይ አደጋው ይብሳል። ለዚህ መከላከያው የእናት ጡት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎና ፓፓያ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ለሚሆናቸው ልጆችም ቫይታሚን ኤ በየ6 ወሩ ይሰጣል፤ ወላጆች ይህንን ቀን እንዳያሳልፉ ያስፈልጋል።

አራተኛው ጥያቄ በብዙ ወረቀት ላይ በልዩ ልዩ አነጋገር ተጽፎ አግኝተነዋል። «ዓይን ሲቀላ የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ ወይም ኩል ማድረግ ይጠቅማል ወይ? ጎረቤት የተረፋትን ጠብታ ብትሰጠንስ?»

የታመመ ዓይን የቈሰለ ገላ ማለት ነው። በቁስል ላይ ከሜዳ የተለቀመ ቅጠል ጨምቆ ማፍሰስ፣ ከቅጠሉ ጋር ያለውን ጀርምና ሻጋታ ወደ ውስጥ መጨመር ነው። የጡት ወተትም ለሕፃኑ ሆድ ምግብ ነው እንጂ ለታመመ ዓይን መድኃኒት አይደለም። አንዳንዱ ኩል ደግሞ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ይገኝበታል፤ ይልቁንም ለሕፃናት ጎጂ ነው። ከጎረቤት የተገኘ ጠብታ ከሁሉ የከፋ ነው ለማለት እንደፍራለን፤ ምክንያቱም መድኃኒት ስለ ሆነ እንተማመንበታለንና። በአንዳንዱ ጠብታ ውስጥ ስቴሮይድ የተባለ ነገር አለ። ይህ መድኃኒት ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው የዳነ ይመስለዋል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሞራም ያመጣል።

በዚሁ ክፍል «ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቆም አለበት ወይ?» የሚል ጥያቄም ነበረ። ሰው በእምነቱ መጽናናቱ መልካም ነው፤ እኛም በዚህ አንገባም። የምንለው ይህንን ብቻ ነው፤ ጠበል መጠመቅ ሐኪም ዘንድ መሄድን አይከለክልም፣ የታዘዘውንም መድኃኒት አያስቋርጥም። ሁለቱን አስማምቶ የሄደ ሰው ምንም አይጎድልበትም፤ መድኃኒቱን ያቋረጠ ግን ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

አምስተኛው ስለ አደጋና ስለ ፀሐይ የሚጠይቅ ነው። በወንጭፍ፣ በእንጨት ወይም በእስክሪብቶ ዓይኑን የተመታ ልጅ ቢኖር፣ የተሰካ ነገር ካለ አይነቀል፤ ዓይኑም አይታሽ፣ አይታጠብ። በንጹሕ ነገር ሳይጫኑ ሸፍኖ በፍጥነት ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ኖራ፣ በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል የገባበት ዓይን ግን ሐኪም እስኪገኝ አይጠብቅም፤ ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማጠብና ከዚያ በኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ስለ ፀሐይም ቢሆን፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በሌሎችም የአገራችን ክፍሎች ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በጨረቃ የተጋረደችበትን ዕለት ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። «ፀሐይዋ ከተጋረደች ብርሃኗ ስለ ቀነሰ አትጎዳም» ያሉ ነበሩ። ከጨረቃው ዙሪያ የቀረው ጥቂት ብርሃን ረቲናን ለማቃጠል ይበቃል። ረቲና ደግሞ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ ሰው መጎዳቱን የሚያውቀው ኋላ ነው።

ስድስተኛው፤ «ትራኮማን የሚያመጣው ዝንብ ነው፤ ዝንብን ማን ሊያጠፋ ይችላል?» የሚል ነው።

ትራኮማን የሚያመጣው ዝንብ አይደለም፤ ዝንብ ተሸካሚ ነው። በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጀርም ሲሆን፣ ታንግ ፌይፋን የተባሉ የቻይና ተመራማሪ ይህንን ጀርም ለይተው ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ1957 አስታውቀዋል። ጀርሙ ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ እናት የሚተላለፈው በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በጋራ ፎጣና በዓይናር ላይ በሚያርፍ ዝንብ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይዞ የሚለቅ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በልጅነት እየተመላለሰ ሲይዝ የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰላል፤ ዓመታት ቈይቶም ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ በየርግብግቢቱ ኮርኒያውን ይፍቀዋል። እናቶቻችን በወረንጦ የሚነቅሉት ይህንኑ ፀጉር ነው። ወረንጦ ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ሕፃናትን የሚያቅፉና ዓይናቸውን የሚጠርጉ ሴቶች ስለ ሆኑ በሽታው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል።

በትራኮማ ምክንያት ትልቁን ሸክም ከተሸከሙት የዓለም አገሮች አንዷ አገራችን ናት። ሆኖም መድኃኒቱ አራት ነገር መሆኑ የታወቀ ነው። ለታጠፈው ቆብ ቀላል ቀዶ ሕክምና፣ ለጀርሙ በየመንደሩ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የተባለ ክኒን ወይም የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ፊትን መታጠብ፣ እንዲሁም መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውኃ ናቸው። ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ የሚራባው በተለይ በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። እንግዲህ «ዝንብን ማን ያጠፋል?» ላለው ጓደኛችን መልሱ፣ ጉድጓድ የቈፈረና ፊቱን የታጠበ ሰው ነው። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጋናም እ.ኤ.አ. በ2018 ትራኮማ የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንደ ቀረ በዓለም ጤና ድርጅት ተረጋግጦላቸዋል። እነርሱ የቻሉትን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም።

ሰባተኛው የሕፃናትን ዓይን ይመለከታል። «ሸውራራ ዓይን ሲያድግ ይተወዋል ወይ?» ተብለናል። ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት የሕፃን ዓይን ወዲያና ወዲህ ቢል የሚያስጨንቅ አይደለም። ከዚያ ካለፈ ግን መታየት አለበት። አንጎል ከሸውራራው ዓይን የሚመጣውን መልእክት መቀበል ይተውና ያ ዓይን እያለ እንደሌለ ይሆናል። በልጅነት ከታከመ ይመለሳል፤ ካደገ በኋላ ግን መመለሱ እጅግ ያስቸግራል። በሕፃን ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ቢታይ ደግሞ አንድ ቀንም ማሳደር አይገባም፤ ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ነፍስን የሚያሠጋ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላል።

ስምንተኛውን በአጭሩ እንመልሳለን። «የሞተ ሰው ዓይን ወጥቶ ለሌላ ይተከላል የሚባለው እንዴት ነው?» የሚተከለው ዓይኑ በሞላ ሳይሆን ኮርኒያው ብቻ ነው። ኮርኒያው የጠባሰለበት ሰው የሌላውን ጥርት ያለ ኮርኒያ ሲቀበል ያያል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ለዚሁ ሥራ ነው። ለጋሹ በሕይወት እያለ ፈቃዱን ይሰጣል፤ ከዕረፍቱ በኋላ ኮርኒያው ሲወሰድም ፊቱ አይበላሽም።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያቈየነው ከሁሉ ስለሚከብድ ነው። «ሞራ የዕድሜ ነገር ነው፤ ደግሞስ እስኪበስል መጠበቅ አለበት አይደለም ወይ?»

ሞራ በዓይን ላይ የሚበቅል ቆዳ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እንደዚያ አይደለም። ጥርት ብሎ የነበረው በውስጥ ያለው ሌንስ ሲደፈርስ ነው ሞራ የሚባለው። «ሐኪሞች ዓይንን አውጥተው አጥበው ይመልሱታል» የሚለውም ሐሰት ነው። ዓይኑ በቦታው እንዳለ በመርፌ ይደነዝዛል፤ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ከፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ሌንስ ይገባል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህንን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ በለንደን ከተማ ያስገቡት ሃሮልድ ሪድሊ የተባሉ ሐኪም ሲሆኑ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1949 ነው። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ በዓይናቸው የገባ አብራሪዎችን ሲያክሙ፣ ስብርባሪው ዓይኑን እንደማያስቆጣው አስተውለው ነበር። ዛሬ ሞራ እስኪበስል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሥራን ማሠራት ከከለከለ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ከእኛ መካከል አንዷ አያቷን ስድስት ዓመት ስትመራ ኖራለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ደጅ አውጥታ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ፣ ቁርሳቸውንም በእጃቸው አስይዛ ስለምትመጣ ሁልጊዜ ትዘገይ ነበር። አያቷም «ዕድሜ ነው ልጄ፤ ከእንግዲህ ምን ላይ ብዬ ነው?» ይሉ ነበር። አንድ የዓይን ሐኪሞች ቡድን በአቅራቢያው ሲመጣ በብዙ ልመና ሄዱ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን እጅ ነው። «እጄ እንዲህ አርጅቷል እንዴ?» አሉ። ቀጥሎም በፊታቸው የቆመችውን ልጅ አይተው «አንቺ ማነሽ?» ብለው ጠየቋት። «እኔ ነኝ እማማ» ስትል በድምጿ ለዩአት፤ ሲያውቋት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረችና።

የሌላው ጓደኛችን አጎት ነገር ግን እንዲህ አልሆነም። እርሳቸውም ማየት ደከማቸው። በግራና በቀኝ የሚመጣ ሰው አይታያቸውም፤ በገበያ ውስጥ ከሰው ይጋጩ ነበር። ዘመድ ሁሉ «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» አላቸው። እርሳቸውም ሞራው እስኪበስል ሦስት ዓመት ጠበቁ። ኋላ ሲመረመሩ በሽታው ሞራ አልነበረም፤ ግላኮማ ነበር። ግላኮማ ያለ ሕመምና ያለ ቅላት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ግፊት የተነሣ፣ የእይታን ነርቭ ከዳር ጀምሮ ይገድለዋል። የሞተው ነርቭ አይመለስም። ዛሬ አጎቱ የሚያዩት በመቃ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው። የቀረቻቸውን ብርሃን ለማቈየት በየቀኑ ጠብታ ያደርጋሉ። ሐኪሙም «በመጀመሪያው ዓመት ቢመጡ ኖሮ አብዛኛውን እናተርፍ ነበር» አሏቸው።

ሁለቱም ቤተ ሰቦች ያደረጉት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ጠበቁ። የአያቲቱ ዓይን የሚጠብቅ ዓይን ሆኖ ተገኘ፤ የአጎቱ ዓይን ግን የማይጠብቅ ነበር። በቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁለቱም «ማየት ደከመኝ» ከሚል በቀር ልዩነት አልነበራቸውም። መጀመሪያ ላይ ልብ እንድትሉልን የለመንናችሁ ይህንን ነው። የትኛው ዓይን እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደማይጠብቅ መለየት የሚችለው የመረመረው ብቻ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው፣ ይልቁንም ከቤተ ሰቡ ግላኮማ የያዘው ያለበት፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው፣ ዓይኑ እያየም ቢሆን መመርመር ይገባዋል።

እንግዲህ እኛ የጤና ክበብ አባሎች ንግግር አድርገን ብቻ ልንቀር አልፈለግንም። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ወር፣ በመምህሮቻችን መሪነት ተማሪውን ሁሉ በ6 ሜትር ርቀት አቁመን በሰሌዳው ለማስነበብ ወስነናል፤ ያላነበበ ሁሉ ስሙ ለወላጁና ለጤና ጣቢያው ይላካል። እስኪመረመርም ድረስ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ መምህሮቻችንን ለምነን ተስማምተውልናል። መነጽር ባደረገ ጓደኛ ላይ የሚያሾፍ ቢኖር ከእኛ አንዱ ዝም እንዳይል ቃል ተገባብተናል፤ ይህንን ቃል የገባነው ቀድሞ የሳቅነው እኛ ስለ ሆንን ነው።

ወላጆቻችንን ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር እንለምናችኋለን። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ በግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱ፤ ከዚያም ሁለተኛውን ሸፍናችሁ ተመልከቱ። ልጆቻችሁንም፣ በቤት ያሉትን አረጋውያንም እንዲሁ አድርጉ። አንደኛው ዓይን ደክሞ ሳለ ሌላው ስለሚሸፍንለት ለዓመታት ሳያውቅ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ልዩነት ካገኛችሁ ጎረቤት አትጠይቁ፤ ሐኪም ጠይቁ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሣጥኑ አሁንም ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አለ፤ ጥያቄ ያለው ሁሉ ጽፎ ይጨምር።